ምዕራፍ ሰባት፦ ብዙ ኪስ፣ አንድ ጉድጓድ

አንዲት እናት ገጠር ውስጥ ቤት ሊሠራላቸው ነው እንበል። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ትልቋ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እንቅልፍ የሚነሳት እናቷ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ክረምቱን ማሳለፋቸው ስለሆነ፣ የምትልከው ገንዘብ ለቆርቆሮ ብቻ እንዲውል ትፈልጋለች። ሁለተኛው ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳል። የእሱ ገንዘብ ለመጸዳጃ ቤትና ለውሃ መስመር ነው፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ካልደረሰው ቀጣዩን አይልክም። ሦስተኛው አዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደመወዝ ሲደርስ ከላዩ ቆንጠር እያደረገ ለግድግዳው ይሰጣል። ጎረቤቱ ደግሞ ጭቃ ሊያቦካ፣ ድንጋይ ሊያቀብል ቃል ገብቷል፤ አጨዳ ካለፈ በኋላ።

ቆርቆሮው በኅዳር መጣ። የሚያርፍበት ግድግዳ ስላልነበረ ጎረቤት በረት ውስጥ ተደግፎ ተቀመጠ። የመጸዳጃ ቤቱ ሰሐን በጥር ተገዛ፤ የሚገጠምበት ክፍል የለም። ጎረቤት ለጉልበት ዝግጁ በነበረበት በየካቲት ከአዲስ አበባ የሚመጣው ገንዘብ ዘገየ። ገንዘቡ ሲደርስ ጎረቤት ወደ እርሻው ገብቶ ነበር። ለመሠረቱ ድንጋይና ሲሚንቶ ማንም አልላከም። መሠረት አፈር ውስጥ ይቀራል፤ ለማንም «ይኸውልህ የአንተ ሥራ» ተብሎ ፎቶው አይላክም።

ሁሉም የላከው ሲደመር ቤቱን ሠርቶ የሚተርፍ ነበር። ቤቱ ግን ክረምቱ ሲገባ አልቆመም። ከልጆቹ አንዱም አልሰሰተም፣ አንዱም አልዋሸም፤ እናቱን የማይወድም የለም። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያ ቤት ነው፤ ቤቱ የወረዳ የውሃ ተቋም፣ ልጆቹ ደግሞ የመንግሥትና የለጋሾች ካዝናዎች ሲሆኑ ስለሚገጥመው ነገር።

ገንዘብ ጓዙን ይዞ ይመጣል

በሦስተኛው ምዕራፍ በጀት ማለት እጅ ላይ ያለ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የማውጣት ፈቃድ እንደሆነ አይተናል። በአምስተኛው ምዕራፍ ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በቀመር እንደሚከፋፈል፣ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንደሆነ፣ ክልሉም በተራው ለወረዳዎቹ እንደሚያከፋፍል ተነጋግረናል። ያን ጊዜ ነገሩን ለማቅለል ስንል ገንዘቡ ሁሉ ከአንድ ምንጭ የሚፈስ አስመስለን ነበር። አሁን ያንን ማቅለያ እንተወው።

አንድ የገጠር ቀበሌ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ያስፈልገዋል እንበል። «ጉድጓድ» በአፍ አንድ ቃል ቢሆንም በሥራ ብዙ ነገር ነው። ቁፋሮው አለ። ከዚያ ፓምፑና ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰው ኃይል፣ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ወይም የመብራት መስመር፣ ይከተላል። ውሃው የሚጠራቀምበት ታንከር፣ ከታንከሩ እስከ ቦኖው የሚዘረጋው ቧንቧ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው ደጃፍ የሚደርሰው ቅጥያም አለ። ከሁሉም በፊት ደግሞ መንገድ አለ። የቁፋሮ ማሽን የሚጓዘው በከባድ መኪና ላይ ተጭኖ ነው፤ አህያ የሚያልፍበት መንገድ ለእሱ አይበቃውም።

ቁፋሮውን የክልሉ ውሃ ቢሮ በካፒታል በጀቱ ሊሸፍን ይችላል። ፓምፑ ከዓለም አቀፍ ብድር፣ ቧንቧው መንግሥታዊ ካልሆነ ድርጅት ሊመጣ ይችላል። የቧንቧውን ቦይ በሴፍቲኔት የታቀፉ ሰዎች በማኅበረሰብ ሥራ ይቆፍሩታል። የትምህርት ቤቱን ቅጥያ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የጤና ኬላውን ጤና ጽሕፈት ቤት ይይዘዋል። መንገዱ የመንገድ ጽሕፈት ቤት ነው። ሕዝቡም አሸዋና ድንጋይ ያቀርባል፣ ገንዘብም ያዋጣል።

እያንዳንዱ ብር ከተነሳበት ኪስ ሦስት ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ለምን ልታውለኝ ነው? እስከ መቼ? እንዴትስ ታስረዳኛለህ? የመጀመሪያው ጥያቄ ዓላማውን ይወስናል፦ ለቆርቆሮ የተላከ ለበር አይሆንም። ሁለተኛው ጊዜውን፣ ሦስተኛው ደረሰኙን ይወስናል። ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ አንባቢው እንዲይዝልኝ ብመርጥ የምመርጠው ይህንን ነው፦ የተለያዩ የመንግሥት ገንዘቦችን ማቀናጀት ማለት የእነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መልሶች ማስታረቅ ነው። ገንዘቡን መደመርማ ካልኩሌተርም ይችላል።

ሦስቱ መንገዶች

የገንዘብ ሚኒስቴርና የለጋሾች ሰዎች ስለ ውጭ እርዳታ ሲነጋገሩ «ቻናል አንድ፣ ቻናል ሁለት፣ ቻናል ሦስት» ይላሉ። ቃሉ ከባድ ቢመስልም ነገሩ ቀላል ነው፦ ገንዘቡ በማን እጅ አልፎ ይደርሳል ማለት ነው።

ቻናል አንድ በገንዘብ ሚኒስቴር በኩል ገብቶ፣ በክልሉ ፋይናንስ ቢሮ አልፎ፣ ወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት የሚደርስ ነው። ይህ የመንግሥት የራሱ ገንዘብ የሚሄድበት ጎዳና ስለሆነ የእርዳታው ገንዘብ ከአገሬው ጋር አብሮ ይጓዛል። እዚያው ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ፤ ከጠቅላላው በጀት ጋር የሚቀላቀልና ስሙ ተጽፎበት ለተወሰነ ሥራ ብቻ የሚወጣ። ቻናል ሁለት ፋይናንስን ዘሎ ከዘርፉ ሚኒስቴር ወደ ዘርፉ ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ዘርፉ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ከውሃ ወደ ውሃ፣ ከጤና ወደ ጤና። በቻናል ሦስት ለጋሹ ወይም ድርጅቱ ገንዘቡን ራሱ ይዞ፣ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ የተሠራውን ያስረክባል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያይ ሦስቱ መንገዶች በወረቀት ላይ ያሉ ሦስት ቀስቶች ናቸው። ወረዳ ላይ ቁጭ ብሎ ለሚያይ ግን ሌላ ነገር ናቸው። በቻናል አንድ የመጣው በፋይናንስ ኃላፊው መዝገብ አለ። በቻናል ሁለት የመጣውን ያ ኃላፊ የሚሰማው አንዳንዴ ዘግይቶ ነው። በቻናል ሦስት የመጣውን ጭራሽ የሚያውቀው ውሃው መውረድ ሲጀምር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «በወረዳችሁ ዘንድሮ ለውሃ ስንት ብር ወጣ?» ለሚል ቀላል ጥያቄ አንድ ሰው ብቻውን መልስ ላይኖረው ይችላል።

የሒሳብ ሠራተኛዋን አስቧት። ስማቸው የተለያየ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን የባንክ ሒሳብ፣ የራሳቸውን መዝገብ፣ የራሳቸውን የሪፖርት ቅጽ ይፈልጋሉ። መደርደሪያዋ ላይ ቦክስ ፋይሎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ሲሚንቶ በአንዱ፣ ሌላው ሲሚንቶ በሌላው ፋይል ነው። ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ በአንዱ ፋይል ካለ የዚያ ፕሮግራም ቀጣይ ገንዘብ አይለቀቅም፤ ሌላው ፋይል ሞልቶ ቢፈስም የዚህን ጉድለት መሸፈን አይፈቀድላትም። ልማት ዘገየ ሲባል ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ወደዚህች ሴት ነው። እኔ ግን ሸክሙን ያበዙባት ከእሷ በላይ ያሉት ናቸው ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ ለጋሽ ለራሱ የሚመቸውን ቅጽ ሲያዘጋጅ ለራሱ ሥራ አቀለለ፤ የቀለለው ሁሉ ተደምሮ እሷ ጠረጴዛ ላይ ወረደ።

አራት አዲስ ዓመት

ከሦስቱ ጥያቄዎች ሰው ቸል የሚለው የጊዜውን ነው፤ በተግባር ግን ከሁሉም የሚከፋው እሱ ይመስለኛል።

የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። የዓለም ባንክ የራሱን ዓመት የሚጀምረው እንደ ፈረንጆቹ ጁላይ 1፣ በእኛ ሰኔ 24 ነው፤ አንድ ሳምንት ቢቀድመን ነው። የአፍሪካ ልማት ባንክና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ ከጃንዋሪ፣ ማለትም ከታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ይነሳሉ። የብሪታንያ መንግሥት ዓመት በኤፕሪል 1፣ መጋቢት 23 ገደማ ይከፈታል። አንድ ጉድጓድ ላይ እነዚህ ሁሉ ከተገናኙ፣ በአንድ ጉድጓድ ዙሪያ አራት አዲስ ዓመት ይከበራል ማለት ነው።

አምስተኛ የቀን መቁጠሪያም አለ፤ የዝናቡ። ሐምሌ 1 በጀቱ ሲታወጅ አብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ አገር ጭቃ ነው። ከባድ መኪና አይገባም፣ ቦይ ቢቆፈር ይደረመሳል። ገበሬው እርሻ ላይ ነው። መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጨረታ ለማውጣት፣ ለመገምገም፣ ውል ለመዋዋል ወራት ይሄዳሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ናቸው። ሰው፣ መንገድና ገንዘብ በአንድነት የሚገናኙት ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለች ጠባብ በር ነው። ከዚያ ግንቦት ይመጣል፣ ሰኔ ይመጣል፣ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ሩጫ ይጀመራል። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የወጣ በጀት ዓመቱ ሲዘጋ ካልተሠራበት ወደመጣበት ይመለሳልና።

አሁን ወደ እናቲቱ ቤት እንመለስ። ቆርቆሮው በኅዳር ቢመጣ ጥፋቱ የቆርቆሮው ወይም የላኪዋ አልነበረም። ለእሷ ኅዳር የደመወዝ ጊዜዋ ነበር። ጥፋቱ ማንም ሰው አንድ ወረቀት ላይ «መጀመሪያ መሠረት፣ ከዚያ ግድግዳ፣ ከዚያ ጣሪያ» ብሎ ጽፎ ከላኪዎቹ ወራት ጋር አለማስተያየቱ ነው።

ከተማ ያለ አንባቢም ይህን በየቀኑ ያየዋል። ዛሬ የተነጠፈ አስፋልት በወሩ ለቧንቧ ይቆረጣል፣ ተደፍኖ ሳይደርቅ ለኬብል ይቆረጣል። ሦስቱም ሥራዎች ያስፈልጋሉ፣ ሦስቱም በጀት አላቸው፤ ቅደም ተከተል ግን የላቸውም። ለዚህ ነበር በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 857 የመንገድ፣ የውሃ፣ የመብራት፣ የቴሌኮምና የባቡር ሥራዎችን የሚያስተባብር የፌዴራል ኤጀንሲ የተቋቋመው።

አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት

በኢትዮጵያ ይህን ችግር ፊት ለፊት ለመግጠም ከተሞከሩት መካከል በጣም የሚያስተምረው አንድ ዋሽ ብሔራዊ ፕሮግራም ነው። «ዋሽ» የሚባለው የውሃ፣ የሳኒቴሽንና የንጽሕና አጠባበቅ ሥራዎች በእንግሊዝኛ ከሚጠሩበት ስም የተወሰደ ምኅጻር ነው። ነገሩ የተጀመረው ከአንድ ቀላል ትዝብት ነበር፦ ውሃ የሚያስገባው አንድ ሚኒስቴር፣ መጸዳጃ ቤት እንዲቆፈርና እጅ እንዲታጠብ የሚያስተምረው ሌላ ሚኒስቴር፣ ልጆቹ የሚውሉበትን ግቢ የሚያስተዳድረው ሦስተኛ ሚኒስቴር ነው። ልጁ ግን አንድ ነው፤ ሆዱም አንድ ነው። ውሃ የሌለው ጤና ኬላ፣ መጸዳጃ የሌለው ትምህርት ቤት እያንዳንዳቸው በየመሥሪያ ቤታቸው ሪፖርት ላይ «ተጠናቋል» ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ።

መጀመሪያ የውሃ፣ የጤናና የትምህርት ሚኒስቴሮች አብረው ለመሥራት ተፈራረሙ። በኋላ አራተኛ ፈራሚ ተጨመረ፤ በዚያን ጊዜ አጠራሩ የገንዘብና ኢኮኖሚ ልማት ሚኒስቴር። ይህ ተጨማሪ ፊርማ ሁሉንም ነገር የቀየረው ይመስለኛል። ሦስት ሚኒስቴሮች በሐሳብ ቢስማሙም ቦርሳውን የያዘው እስካልተቀመጠ ድረስ ስምምነቱ መልካም ምኞት ሆኖ ይቀራል። ፕሮግራሙ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ይፋ ሲሆን መፈክሩ «አንድ ዕቅድ፣ አንድ በጀት፣ አንድ ሪፖርት» ነበር።

በመሃሉ የተጠቃለለ የዋሽ ሒሳብ የሚባል የጋራ ቋት ተከፈተ። ወፍጮ ቤት የቆመ ሰው ቋት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ እህሉ ከላይ ይገባል፣ በአንድ አፍ ወደ ድንጋዩ ይወርዳል። የዓለም ባንክ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የብሪታንያ መንግሥትና ዩኒሴፍ በመጀመሪያው ዙር ገንዘባቸውን እዚህ ጨመሩ። ገንዘቡ ከገንዘብ ሚኒስቴር ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ በአንድ ደንብ ይሄዳል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ አራት መዝገብ መያዟ ቀርቶ አንድ ትይዛለች፣ ሪፖርቷም አንድ ቅጽ ነው። ወረዳ ላይ ውሃ፣ ጤና፣ ትምህርትና ፋይናንስ በአንድ የዋሽ ቡድን ተቀምጠው ያቅዳሉ።

ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። የጋራ ቋቱ በመጀመሪያው ዙር የደረሰው ግን 382 ወረዳዎች ዘንድ ነበር፤ ሁሉም ጋ አይደለም። በደረሰበት ወረዳም ቢሆን ሁሉም ለጋሽ አልገባበትም። አንዳንዱን የአገሩ ሕግ ገንዘቡን ከሌላው ጋር እንዲቀላቅል አይፈቅድለትም። አንዳንዱ ለአገሩ ግብር ከፋይ «ይኸውላችሁ የእኛ ጉድጓድ» ብሎ ማሳየት አለበት። ከተሞች ደግሞ ከገጠሩ ይለያሉ፤ ከታሪፍ ገቢ ስለሚያገኙ የውሃ ተቋሞቻቸውን በብድር እንዲያስፋፉ ይጠበቃል። የገጠሩ እርዳታና የከተማው ብድር በአንድ ቋት ቢፈጩ ዱቄቱ ለማንም አይሆንም።

ከቋቱ ወረቀቱ

የጋራ ቋት ብዙ ተወርቶለታል፤ ሲመሠረት ፊርማ አለ፣ ፎቶ አለ፣ ትልቅ ቁጥር አለ። እኔ ግን ከሦስቱ «አንዶች» የቤቱ መሠረት የመጀመሪያው ነው እላለሁ፤ ዕቅዱ። ወረዳው በመላ ቀበሌዎቹ የቱ ምንጭ እንደሚጎለብት፣ የቱ ጉድጓድ መቼ እንደሚቆፈር፣ የትኛው መንገድ ቀድሞ መከፈት እንዳለበት የሚያሳይ አንድ ወረቀት ካለው፣ ገንዘቡ በአምስት ቦርሳ ቢመጣም ችግሩ ይቀላል። በቻናል ሦስት የሚመጣውም ድርጅት «እዚህ ቀበሌ ገብቼ ልሥራ» ሲል «እዚያ ቁፋሮው በክልሉ ተይዟል፤ የአንተ ቧንቧ የሚያስፈልገው እዚህ ነው» የሚለው ሰው ያገኛል። ወረቀቱ ከሌለ ግን ገንዘቡ ሁሉ በአንድ ቋት ቢገባም ቆርቆሮው ከግድግዳው ቀድሞ ይገዛል።

ይህን ሐሳብ ከሩቅ አገር የሚያግዝልኝ ምሳሌ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ወደኋላ ለቀሩ ክልሎችና ለሌሎች የጋራ ዓላማዎች የሚያወጣቸው ልዩ ልዩ ፈንዶች አሉት። ከ2021 እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ባለው ዘመን ስምንቱን ፈንዶች ወደ አንድ ካዝና አልደባለቃቸውም። ስምንቱ በየስማቸው ቆዩ፤ የሚመሩበት የጋራ ደንብ ግን አንድ ሆነ። አንድን ወጪ ለሁለት ፈንድ አቅርቦ ሁለት ጊዜ መቀበል ክልክል ነው። የመሠረተ ልማቱ ባለቤት የሆነው ክልል ስምንት ቋንቋ መማሩ ቀርቶለት በአንድ ቋንቋ ከስምንት ኪስ ጋር ይነጋገራል።

ወረቀቱ እውነተኛ እንዲሆን የሚያስፈልገው ነገር ደግሞ ከሒሳብ ሙያ ይልቅ ከቤተሰብ ጠባይ ጋር ይዛመዳል። ዋሽንግተን ያለው ልጅ ስድስት ሺህ ብር ቢልክና አዲስ አበባ ያለው ይህን ሲሰማ «እንግዲህ ወንድሜ ልኳል» ብሎ የራሱን ስድስት ሺህ ቢያስቀር፣ ቤቱ ያገኘው ተጨማሪ ገንዘብ ዜሮ ነው። በመንግሥት ፋይናንስም ይህ ይደርሳል። በአገራችን ለዓመታት አንድ ክልል ያገኘው የውጭ እርዳታ ከሚደርሰው ድጎማ ላይ ተቀናሽ ይደረግ ነበር፤ በክልሎች መካከል ፍትሕን ለመጠበቅ ተብሎ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ እርዳታ የበዛለት ክልል ሌላውን እንዳይበልጥ ነው። ውጤቱ ግን ወረዳውም ክልሉም ያገኘውን ከመናገር መቆጠብ እንዲያተርፈው ያደርጋል። ሲናገሩ የሚቀጣ ሥርዓት ውስጥ አንድ ዕቅድ ሊጻፍ አይችልም፤ ማንም ሙሉውን ቁጥር ጠረጴዛው ላይ አያወጣምና። ለጋሾችም እርስ በርስ እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ማንም ተጨማሪ ገንዘብ ይዞ ሲመጣ ሌላው እንደማይሸሽ አስቀድሞ የሚያረጋግጥ ውል የዕቅዱ አንድ ገጽ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ለመሠረቱ ማን ይላክ?

ውሃው ወረደ እንበል። ሪባን ተቆረጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፓምፑ ጎማ ይበላል፣ ወይም የጄኔሬተሩ ማጣሪያ ይደፈናል። ጎማው ርካሽ ነው። ነገር ግን ቁፋሮውን የከፈለው ኪስ ሥራውን አስረክቦ ዘግቷል፣ ቧንቧውን የከፈለው ሌላ ወረዳ ሄዷል፣ የወረዳው መደበኛ በጀት በአብዛኛው ለደመወዝ ያልቃል። ብዙ ኪሶች የገነቡትን ለመጠገን አንድም ኪስ አይገኝም። ጥገና እንደ መሠረቱ ነው፤ ፎቶ አይነሳም።

መንገዶች ለዚህ ጥያቄ መልስ አግኝተዋል። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ፤ ዋና ገቢው ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ክፍያ ነው። ብዙ የሚነዳ ብዙ ነዳጅ ይቀዳል፣ መንገዱንም ብዙ ይጎዳል፣ ስለዚህ ለጥገናው ብዙ ይከፍላል። ገንዘቡ ለአዲስ ግንባታ አይውልም። ጥገና የራሱ ኪስ አገኘ ማለት ነው፤ ሪባን የማይቆረጥበት ሥራ ሪባን ከሚቆረጥበት ጋር ለበጀት እንዳይሻማ።

ለገጠር ውሃ እንዲህ ያለ የነዳጅ ማደያ የለም። ያለው የውሃ ኮሚቴው ነው። በአማራ ክልል በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረ አንድ አሠራር እዚህ ላይ ሊታይ ይገባል። የውሃ ግንባታው ገንዘብ ለሥራ ተቋራጭ በመሰጠት ፋንታ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ሰው ያኔ «አብቁተ» ይለው በነበረው በኩል፣ ለራሱ ለኮሚቴው ይለቀቅ ጀመር። ወረዳው ማመልከቻውን ይመረምራል፣ ባለሙያ ይመድባል፣ ይቆጣጠራል። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። ይህን እምነት ለማግኘት ግን ሰዉ ድንጋይና አሸዋ ከማቅረቡ ሌላ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ አስቀድሞ ማጠራቀም ነበረበት።

በሌላ አነጋገር ከኪሶቹ ሁሉ ትንሹ መጀመሪያ ተከፈተ። የዓለም ባንኩም፣ የክልሉም፣ የፊንላንዱም ብር ከመምጣቱ በፊት፣ ጉድጓዱ ገና በአፈር ላይ በኖራ ምልክት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ከየቤቱ የሰበሰበችውን ይዛ ወደ ከተማ ወረደች፤ የቁጠባ ደብተር አወጣች፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ለፓምፑ ጎማ የሚሆነው ተጻፈ።